ጉትቻዬን የለበሰው ምንሽር

«የአፉን ባዶ ቦታ በሙጫ ሞልቼዋለሁ፤ ልክ እንደ ጉትቻው።»

ይህን ያሉኝ ሽማግሌው አንጥረኛ ናቸው። ቀኑ የበኩር ልጄ ሰርግ ነው። እሳቸው ከዳሳችን በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠላቸውን ይጠጣሉ፣ እኔ ጭልፋ ይዤ ከጓዳ እየወጣሁ ነው። አንድም የሚያስደነግጥ ነገር የተናገሩ አልመሰላቸውም። እንዲያውም ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው ፈገግ አሉልኝ።

«የምኑን አፍ?» አልኳቸው።

«የጠመንጃውን ነዋ! ውስጡ ክፍት የሆነ ጌጥ ካልተሞላ ቶሎ ይጎደጎዳል። ሙጫ አቅልጬ፣ የሸክላ ዱቄት ቀላቅዬ ጠቀጠቅሁት። ከጫፉ ዝቅ ስላደረግሁት ለዓይን አይታይም። ሥራዬን አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ ይሄ ጠመንጃ እኮ ዛሬ ሊተኮስ ነው የሄደው!»

ዋንጫውን ከከንፈራቸው መለሱት። «ወርቅ ለብሶ?» አሉኝ ከልባቸው ተገርመው። «ወርቅ የለበሰ ነገር ይተኮሳል እንዴ?»

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ የመኪና ጥሩምባ እፈራለሁ፤ ጠመንጃማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንኳን ከሥሩ አልቀመጥም። የዚያን ቀን ግን የፈራሁት በከንቱ አልነበረም። በደሳ ገበያ ላይ ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ቡና የሚሸጥ አንድ ሰው አውቅ ነበር። ጠመንጃው ጭቃ ላይ ወድቆ አፉ እንደተደፈነ ሳያይ ተኩሶ፣ ብረቱ እንደ ሸንበቆ ተሰንጥቆ ነው እንዲያ ያደረገው። ከእሱ ቡና በገዛሁ ቁጥር ዓይኔን ከዚያ ጨርቅ ላይ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። አሁን ደግሞ የራሴ ልጅ፣ ሙሽራው፣ አፉ በሙጫና በሸክላ የተደፈነ ምንሽር ይዞ ሂርና ከተማ፣ ሙሽሪት ቤት ነው። ሙሽሪት ከአባቷ ደጅ ስትወጣ ወደ ሰማይ ይተኩሳል ተብሏል።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በእልህ ነው፤ የእኔም የባሌም እልህ አለበት።

ምንሽሩ ባሌ ከአባቱ የወረሰው ነው። ጥቁር፣ የዘይት ሽታ ያለው፣ ሰደፉ በብዙ ሰው ትከሻ ተፍቆ የለሰለሰ። እንደዚያ እያለ አንድ ቀን እንኳ ያምራል አያምርም ብለን አናውቅም። ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። ልጃችን የሂርናውን ቡና ነጋዴ ልጅ ሲያጭ ግን ባሌ እንቅልፍ አጣ። እኛ አሰበ ተፈሪ ላይ እህል የምንሸጥ ሰዎች ነን፤ ዱቄት ከፀጉራችን ለቆ አያውቅም። የሂርናው ሰው ግን በግቢው ውስጥ የቡና መጋዘን ያለው ነው።

«በእነዚያ ሰዎች ፊት ልጄ ይሄን ጥቁር ብረት ተሸክሞ ይቁም?» ይለኝ ጀመር።

«ምን ይሸከም ታዲያ? ጃንጥላ?»

«ድሬዳዋ የበዓል ሰልፍ ላይ አንድ መኮንን አይቻለሁ። የጎራዴው እጀታ ወርቅ ነበር። ሕዝቡ መኮንኑን ትቶ እጀታውን ነበር የሚያየው።»

«አየህ! ሰውየውን ማንም አላየውም።»

አልሰማኝም። ከእናቴ የወረስኩት ጥንድ ጉትቻ ነበረኝ፤ አንዱ ልብስ ሳጥብ ወንዝ ወስዶብኝ፣ አንዱ ብቻውን ሙዳይ ውስጥ ተኝቶ ይኖር ነበር። አንድ ጆሮ ላይ አይደረግ፣ አይጣል። ባሌ ለምኖ ለምኖ ወሰደብኝና ለአንጥረኛው ሰጠው፤ እንደ ወረቀት አሳስተው ምንሽሩን እንዲያለብሱት። ጉትቻው ውስጡ ክፍት የሆነ ዓይነት ነው፤ እንዳይጨማደድ በሙጫ የተሞላ። ልጅ ሆኜ ስንጥቁን በጥፍሬ እየፈለቀቅሁ ሙጫውን አሸትት ስለነበር እናቴ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለዚህ ነው ሽማግሌው «እንደ ጉትቻው» ሲሉኝ ወዲያው የገባኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የተዳርኩ ሴት ነኝ፤ ብዙ ነገር አይገባኝም። ያ ግን ገባኝ።

ምንሽሩ ከአንጥረኛው ቤት ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው መጣ። አፈሙዙ ወርቅ፣ ቀለበቶቹ ወርቅ፣ የመዝጊያው እንቡጥ ወርቅ። ሰደፉ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል አበባ ተለጥፋበታለች። ባሌ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈለት፤ ሕፃን ክርስትና ሊያነሱ የወሰዱት ይመስል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«የወንድ ካፖርት ላይ የሴት ቀሚስ ጥለት የሰፉበት ይመስላል።»

«አንቺ መቼ የሚያምር ነገር ታውቂያለሽ!»

«አውቄማ ነው አንተን ያገባሁት» አልኩት፤ ሰው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ አሰበ ተፈሪ ለሁለት ተከፈለች ብል ማጋነን አይሆንም። የነፍስ አባታችን አገላብጠው አዩትና «መልካም ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዘንግ ቢሆን የበለጠ ያምር ነበር» አሉ። ቅቤ የምትሸጠው ሙስሊም ጎረቤቴ በእጇ አፏን ይዛ ቆየችና «ወላሂ፣ ሙሽሪቷ የትኛዋ እንደሆነች ይጠፋቸዋል!» አለች። ልብስ ሰፊው ግን የባሌ ወገን ሆነ። «ለሰርግ ነው፤ ለሰርግ በቅሎዋም ትሸለማለች። ጠመንጃው ምን በደለ?» ይል ነበር። እውነት ለመናገር፣ ሰደፉ ላይ ያለችውን አበባ እኔም ወድጃት ነበር። ግን ያን ጊዜ ብታርዱኝ አልናገርም።

ሳምንቱን ሙሉ ጨቀጨቅሁት። በሰርጉ ጠዋት አውቶቡሱ ተሞልቶ ሊነሳ ሲል እንኳ መስኮቱ ሥር ቆሜ «እባክህ ይሄን መሳቂያ ቤት ተወው» እለዋለሁ። የሙሽራ አባትና እናት ቤት ሆነው ሙሽሪትን ይቀበላሉ እንጂ ልጃቸውን ተከትለው አይሄዱም፤ ደንቡ እንዲያ ነው። የእኔው ሰውዬ ግን «ጠመንጃው ሲታይ ካላየሁማ!» ብሎ ደንቡን ጥሶ ተሳፍሯል።

«አታስተኩሰውም!» አልኩት። «ሂርና ድረስ መጥቼ እጮህብሃለሁ እንጂ አታስተኩሰውም!»

አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ሞተ። ልጄ በመስኮት ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ደጁ ላይ ሰው አታስቂብን» ብሎ ሳመኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሄዱ።

እንግዲህ እንዲህ ያልኩ ሴት ነኝ፣ አሁን «አትተኩሱ» ብዬ ሂርና ድረስ የምሄደው።

ስልክ ቤቱ እሁድ ዝግ ነው። በቅሎ አይደርስልኝም። እጄ በርበሬ፣ ነጠላዬ በአንድ ትከሻ፣ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ያኔ ወደ ድሬዳዋ እንደ ጫት መኪና የሚፈጥን ነገር አልነበረም። ጫቱ ሳይጠወልግ ለአውሮፕላን መድረስ ስላለበት ሾፌሮቹ ለሰውም ለከብትም አይቆሙም። ከርቀት አቧራው ሲነሳ አየሁና መሐል መንገድ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እኔ፣ ጥሩምባ የምፈራዋ! ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር መቆሙን ያወቅሁት ሾፌሩ ሲጮህ ነው።

«አዮ! አብደሻል እንዴ?» «አዮ» ያለኝ እናቴ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ።

«ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ ሂርና አድርሰኝ!»

«ግቢ!» ሌላ አልጠየቀም። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ጋቢናው ውስጥ ሳይቀር ተጭኗል፤ ጥቅል አቅፌ፣ በጥቅል ላይ ተቀመጥኩ።

ተራራውን ስንወጣ ነበር የጠየቀኝ። ነገርኩት። ገደሉ በእኔ በኩል ስለነበር ዓይኔን ከእሱ ፊት ላይ አላነሳሁም፤ እሱም ሲስቅ አንድ የወርቅ ጥርሱ ብልጭ አለ።

«ወርቅ ጠመንጃ? ወላሂ፣ ያምራል!»

«ምኑ ነው የሚያምረው? ጠመንጃ ለጌጥ ነው እንዴ?»

«ይሄን አየሽ?» ጥርሱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ መሪውን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ! «ወርቅ ነው። ግን አጥንት እሰብርበታለሁ። የሚያምርም የሚሠራም ነገር አለ፣ አዮ።»

«ያንተ ጥርስ በሙጫ አልተሞላማ! መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ፣ በአላህ!»

ሳቀና ያዘ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ልቤን ወጋው። «ባልሽ ያምንሻል?» አለኝ።

አሰብኩ። ጠዋት ያልኩትን አስታወስኩ። ባሌ እኔን ሲያይ ምን እንደሚል ከፊቴ ቆሞ ታየኝ። ስለ ሙጫው የምለው ሁሉ ሰበብ ነው የሚመስለው።

«አያምነኝም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሾፌሩ አልሳቀም፤ ነዳው። እኔም የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠርቻለሁ፤ የማላውቀውንም ጨምሬ።

ሂርና ስንደርስ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። አውቶቡሳችን ፊቱን ወደ አሰበ ተፈሪ አዙሮ ቆሟል፤ ይህ ማለት ምሳው ተበልቶ አልቋል፣ ሙሽሪት ልትወጣ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ በር ድረስ አደረሰኝና ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ያስጮኸው ጀመር። ሰዉ የሰርጉ መስሎት እልልታውን አቀለጠው።

ሰው እየገፋሁ ገባሁ። ልጄን አየሁት። ከደረጃው ፊት ለፊት ቆሟል፣ ምንሽሩን አንስቶ ወደ ሰማይ አድርጎታል። ፀሐይዋ አፈሙዙ ላይ አርፋ እንደ ሻማ ታበራለች። ሙሽሪት በሩ ላይ ናት፤ አንድ እግሯ ከደፉ ውጭ።

«አትተኩስ!» ብዬ ጮህኩ።

ከበሮው ቆመ። እልልታው ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ እጄ በርበሬ፣ ፀጉሬ ላይ የጫት ቅጠል።

ባሌ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ይኸውላችሁ! ጠዋት ያለችውን ፈጸመችው! እዚህ ድረስ ልታዋርደኝ መጣች!»

«አፉ ተደፍኗል! ሙጫ ነው፣ ይፈነዳል!»

የእኛ ሰዎች ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ «የሙሽራው እናት ቃሏን አታጥፍም!» ብሎ አጨበጨበ። ባሌም ጨከነ። «ተኩስ፣ ልጄ! አትስማት! ወርቁ አላማራትም፣ ሌላ ነገር የለም!»

ልጄ አባቱን አየ፣ እኔን አየ። ላብ ግንባሩ ላይ ወርዷል። ጣቱ ቃታው ላይ ነው።

ምን እንዳደረግሁ እስከዛሬ ይገርመኛል። ጠመንጃ የሰቀሉበት ግድግዳ ሥር የማልቀመጠው ሴት፣ ሄጄ አፈሙዙን በእጄ ጨበጥኩት። ብረቱ በፀሐይ ሞቋል። ወደ ታች ጎተትኩትና ዓይኖቹን እያየሁ እንዲህ አልኩት፤

«ያምራል፣ ልጄ። ይሄውልህ በሰው ፊት አልኩ፤ ያምራል። ብቻ አትተኩሰው።»

ይሄን ስል ባሌ እጆቹን ከራሱ ላይ አወረደ። ሳምንት ሙሉ ስታማርር የነበረች ሚስት ያምራል ካለች አንድ ነገር እንዳለ ገባው መሰለኝ።

በዚህ መሐል የሙሽሪት አባት ወረዱ። ረዥም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ለልጄ እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ አምጣው፣ ልጄ» አሉት። ጥይቱን አወጡ፣ የኋላውን መዝጊያ ስበው አወጡ፣ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አድርገው በኋላው በኩል አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ረዥም ጊዜ አዩ። 

«ሰማይ የለም» አሉ።

ለባሌ ሰጡት። ባሌ አየ። አፈሙዙን ዞር አደረገና ደግሞ አየ። ከዚያ ከኋላው ያለው ወንበር መስሎት ከበሮው ላይ ዘፍ አለ። ከበሮው «ድም!» አለ።

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። የሙሽሪት አባት ከቤት ዘንግ አስመጥተው ወጋ ወጋ ሲያደርጉት ቀይ የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት ሙጫ በቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። ልጄ አንዱን ቁራጭ አንስቶ መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀረብ ብሎ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ጡት ከጣለ ወዲህ እንዲያ አድርጎ አያውቅም።

መጀመሪያ የተናገረችው ሙሽሪት ናት። አሁንም አንድ እግሯ ከደፉ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ ነው።

«እማማ» አለችኝ በመሸፈኛዋ ውስጥ ሆና፣ «እኔ ደግሞ ‹ይህችን አላገባም በል› ሊሉት የመጡ መስሎኝ እግሬን መመለስ ጀምሬ ነበር!»

ያኔ ነው ግቢው የፈነዳው፤ በሳቅ። ሳቄ ይሁን ልቅሶዬ እኔም አልለየሁትም። ሴቶቹ እጄን አስታጠቡኝ፣ ፀጉሬን አራገፉልኝ፣ የሙሽሪት እናት የራሷን ጥበብ አለበሰችኝ። ሾፌሩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ተረፈ?» ሲል «ተርፏል!» አልነው፤ የወርቅ ጥርሱን አሳይቶን ወደ ድሬዳዋ በረረ።

ለደጁ ተኩስ የሙሽሪት አባት የራሳቸውን ጠመንጃ አወጡ። ብታዩት! ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፣ ብረቱ ድስት የመሰለ። ልጄ እሱን ይዞ ተኮሰ፤ ተራራው መለሰለት። ሙሽሪት ሁለተኛ እግሯን አወጣች።

ባሌ ከከበሮው ላይ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ባለወርቁን ምንሽር በነጠላው አቧራውን እየጠረገ ወደ ሙሽሪት አባት ጠጋ አለና በዝግታ «ግን ያምራል፣ አይደል?» አላቸው።

ሰውየው አበባዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «በጣም ያምራል» አሉ። «እንዲህ የሚያምር ነገር ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«እኔ አበባዋን ነው የምወደው» አልኩ። አምልጦኝ ነው። ባሌ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ! «የቀረው ግን አሁንም የካፖርት ላይ ጥለት ነው» ብዬ ጨመርኩበት፤ እንዳይለምድበት።

በአውቶቡሱ ከሙሽሮቹ ጋር ተመለስኩ፤ እናትም አባትም አጃቢ የሆኑበት ሰርግ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልጄ በአንድ በኩሌ፣ ሙሽሪት በሌላው። መንገዱን ሙሉ እጁን ይዤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስዳስስ «እማዬ፣ ሁሉም አሉ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንደገና እጀምራለሁ። ምንሽሩ ባሌ ጭን ላይ ነው። ጥይቶቹን የሙሽሪት አባት ኪሳቸው ውስጥ አስቀርተዋቸዋል።

ዳሳችን በር ላይ ስንደርስ አንጥረኛው ያው አግዳሚ ላይ ናቸው። በድንጋጤ ይሁን በጠላ፣ ከተውኳቸው ቦታ አልተነቃነቁም። እኛን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ተኮሳችሁት?»

«አልተኮስነውም» አላቸው ልጄ።

«እኔስ ምን አልኩ!» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። «ወርቅ አይተኮስም።»

ጎረቤቴ ቅቤ ነጋዴዋ ሮጣ መጥታ ልጄን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «እንዴት ሆናችሁ?» አለችኝ።

ልጄ ሙሽሪትን ይዞ ደፉን ተሻገረ። ሁለት ዓይኑ፣ ሁለት እጁ፣ ምንም ሳይጎድልበት ቤቴ ገባ። እኔም ከኋላቸው ገባሁና ከቆምኩበት ግድግዳ ላይ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ምንሽሩ ሁልጊዜ የሚሰቀልበት ግድግዳ ነበር።

«ደህና ነን» አልኳት። «ደርሰናል። ሁላችንም ደህና ነን።»